የፍቺ ጠበቃና አቅም ያጠረው ባለጉዳይ፦ ዳሰሳ

በኢትዮጵያ ሕግ ለመፋታት ጠበቃ መያዝ ግዴታ አይደለም። ባልም ሆነ ሚስት አቤቱታቸውን አጽፈው፣ ራሳቸው ችሎት ቀርበው፣ ራሳቸው ተከራክረው ፍርድ ሊቀበሉ ይችላሉ። እንዲህም ሆኖ የጠበቃ ወጪ ከባድ ጥያቄ የሚሆነው ፍቺ አንድ ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ነው። በቅድሚያ ጋብቻው እንዲፈርስ የሚሰጠው ውሳኔ አለ። ቀጥሎ የፍቺው ውጤት ይመጣል፤ ይህም የጋራ ንብረት ክፍፍል፣ የልጆች አሳዳጊነት፣ ቀለብና ዕዳ ነው። በመጨረሻም የተፈረደውን በአፈጻጸም እጅ ማስገባት አለ። ለመጀመሪያው ጠበቃ እምብዛም አያስፈልግም። ክርክሩ ወደ ውጤቱና ወደ አፈጻጸሙ ሲሻገር ግን ጠበቃ ያቆመና ያላቆመ ተከራካሪ እኩል አይደሉም።

የአቅም ማነስም አንድ መልክ የለውም። ገቢ የሌላት ነገር ግን ከባሏ ጋር ባፈራችው ውድ ቤት ውስጥ የምትኖር የቤት እመቤት አለች። ባልም ሚስትም በቀን ሥራ የሚተዳደሩበት ቤተሰብ አለ። ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ የማያልፍ የመንግሥት ሠራተኛም አለ። ሦስቱም «ጠበቃ የማቆምበት አቅም የለኝም» ይላሉ፤ ችግራቸው ግን የተለያየ ነው። የመጀመሪያዋ ያጣችው ጥሬ ገንዘብ እንጂ ሀብት አይደለም። ሁለተኛዎቹ ነፃ የሕግ ድጋፍ የተቋቋመው ለእነሱ ነው። ሦስተኛው ድሃ ነው ተብሎ የድጋፍ መዝገብ ውስጥ አይገባም፤ የጠበቃ ዋጋም አይችልም። በጉዳዩ ላይ ከሚደረጉት ክርክሮች ብዙዎቹ መስመር የሚስቱት እነዚህን ሦስት ሰዎች አንድ ላይ ስለሚደምሩ ነው።

ከሽማግሌ ወደ ችሎት

በቀድሞው ልማድ የሰማንያ ጋብቻ በሽማግሌና በዋስ ፊት ተመሥርቶ በሽማግሌ ፊት ይፈርስ ነበር። በቁርባን የተጋቡትን ቤተ ክርስቲያን በቀላሉ አታፋታም፤ ሰማንያ የቀደዱት ግን ሽማግሌ አስቀምጠው ከብቱን፣ እህሉንና የቤቱን ዕቃ ይካፈሉ ነበር። ነገሩ ወደ ዳኛ ከደረሰ ሙግት የአንደበት ሥራ ነው። በላ ልበልሃ በሚባልበት አደባባይ አንደበቱ ያልሰላ ሰው ነገር አዋቂ ዘመዱን ወይም ነገረ ፈጅ ያቆማል። ስለዚህ የአቅም ጥያቄ ያኔም ነበረ፤ ሚዛኑን የሚያጋድለው ግን ከገንዘብ ይልቅ ወገንና አንደበት ነበር።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ልማድ ወስዶ የሕግ ቅርጽ ሰጠው። ፍቺ የሚጠይቅ ሰው ጉዳዩን የሚያቀርበው ከሁለቱም ወገን ለተመረጡ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር። ለማስታረቅ ብቻ አልነበረም የሚቀመጡት፤ ጋብቻውን አፍርሰው ንብረት የማከፋፈል ሥልጣንም ነበራቸው፤ የፍርድ ቤቱ ሚና የተወሰነ ነበር። ሕጉ ምክንያቶችን ከባድና ሌላ ብሎ ይለይ ነበር፤ ዝሙትና ትዳርን ጥሎ መጥፋት ከከባዶቹ ይቆጠሩ ነበር። ጥፋተኛ የተባለ ወገን በንብረት ክፍፍሉ ሊቀጣ ይችል ነበር።

ይህን ሥርዓት በመልካም የሚያነሱ ሰዎች ሽማግሌው ቤተሰቡን እንደሚያውቅ፣ ቋንቋው የሰፈር ቋንቋ እንደሆነ፣ ጠበቃም እንደማያስፈልገው ይጠቅሳሉ። ትችቱ ግን ከበድ ያለ ነበር። ሽማግሌዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ነበሩ። በቀጠሮ ቀን አንዱ ሲመጣ ሌላው ይቀራል፤ ጉዳዩ ለዓመታት ይንከባለላል። የሰነድ ማስረጃ መመርመርና የሒሳብ ጥያቄ መፍታትም አቅማቸው አልነበረም። ጥፋተኛውን የመለየቱ ሙግትም ቤት ውስጥ የነበረውን ሁሉ አደባባይ ያወጣ ነበር።

ሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. የጸናው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠ። አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ትግራይ፣ አማራና ኦሮሚያን ጨምሮ ክልሎች በዋና ሐሳቡ ተመሳሳይ የሆኑ የራሳቸውን የቤተሰብ ሕጎች አውጥተዋል። ፍቺ በሁለት መንገድ ይገኛል። በስምምነት ከሆነ ጋብቻው ቢያንስ ስድስት ወር የቆየ መሆን አለበት፤ ተጋቢዎቹ የፍቺውን ውጤት ጭምር ተስማምተው ያቀርባሉ፤ ፍርድ ቤቱ ስምምነቱ ከነፃ ፈቃድ የመነጨና ሕግንና ሞራልን የማይቃረን መሆኑን አይቶ ያጸድቃል። በአንድ ወገን አቤቱታ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ለማስታረቅ ይሞክራል፤ ወደ ሽማግሌ ሊመራ ወይም እስከ ሦስት ወር የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ ካልሆነ ይወስናል። ምክንያት ማስረዳት ግድ አይደለም።

አዋጁ በአንድ ጊዜ ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን አደረገ። የጥፋተኝነት ሙግቱን በማስቀረቱ የጠበቃን አስፈላጊነት ቀነሰ። ጉዳዩን ከሽማግሌ አንሥቶ የሥነ ሥርዓት ሕግ ወደሚገዛው ችሎት በመውሰዱ ደግሞ የጠበቃን አስፈላጊነት ጨመረ። ለሴቶች መብት ትልቅ እርምጃ መሆኑ አያጠያይቅም፤ የወጪው ጥያቄ ግን አብሮት መጥቷል።

ወጪው ከየት ከየት ይመጣል

የፍቺ ወጪ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው የጠበቃው ዋጋ ነው። ከእሱ በፊት የዳኝነት ክፍያ አለ። ለረጅም ዘመን የስሌቱ መሠረት ሆኖ የቆየው በ1945 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ሲሆን፣ ክፍያው የሚሰላው በሚጠየቀው ገንዘብ ወይም ንብረት ግምት ነው። ጋብቻው ይፍረስልኝ ብቻ ለሚል አቤቱታ ወጪው ቀላል ነው፤ ቤትና መኪና ይካፈልልኝ ሲባል ግን ግምት ይገባበታል። ለቀን ሠራተኛ ደግሞ እያንዳንዱ ቀጠሮ የአንድ ቀን ገቢ ነው፤ ችሎቱ ሳይሟላ ቀርቶ ቀጠሮ ሲለወጥም ገንዘቡ አይመለስም። የምስክር መጓጓዣ፣ የሰነድ ቅጂና የንብረት ግምት ወጪም ይከተላል።

ጠበቃ ላላቆመ ባለጉዳይ የመጀመሪያው የሕግ አማካሪ በፍርድ ቤት ደጃፍ ያለው ራፖር ጸሐፊ ነው። ዋጋው ከጠበቃ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ከእነዚህ ጸሐፊዎች መካከል ዳኞች የሚያደንቁት አቤቱታ የሚጽፍ አለ፤ ስም ብቻ እየቀየረ አንዱን ጽሑፍ ለሁሉም የሚሰጥም አለ። ጉዳቱ የሚታየው ቆይቶ ነው። አቤቱታው «ጋብቻው ይፍረስልኝ፣ የጋራ ንብረታችን ይካፈልልኝ» ብሎ ያበቃል፤ ንብረቱ ግን አልተዘረዘረም። ወይም «የባንክ ገንዘብ» ይላል፤ የትኛው ባንክ እንደሆነ አልተጠቀሰም፤ ባንኩ የሒሳቡን እንቅስቃሴ እንዲልክ ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ እንዲጽፍም አልተጠየቀም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ማስረጃ ከክሱ ጋር እንዲቀርብ፣ በሌላ ሰው እጅ ያለ ከሆነም የት እንዳለ እንዲገለጽ ያዛል። ዘግይቶ የመጣ ማስረጃ በቂ ምክንያት ካልቀረበለት በሩ ይዘጋበታል። አቤቱታው ከተጻፈ ከወራት በኋላ የመጣ ጠበቃ ይህን ማቃናት ይከብደዋል።

ሕጉ ራሱ ለአቅመ ደካማው ተጋቢ ያደላበት ቦታም አለ። በአዋጁ አንቀጽ 63 መሠረት በጋብቻ ውስጥ ያለ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም እንኳ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይቆጠራል። የማስረዳት ሸክሙ «የግሌ ነው» በሚለው ወገን ላይ ይወድቃል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ግምቱ የሚጠቅመው ንብረቱ መኖሩ ከታወቀ ነው። በዘመድ ስም የተገዛ መኪና፣ ከፍቺው ጥቂት ወራት ቀድሞ ከባንክ የወጣ ገንዘብ፣ ባልና ሚስቱ ያላወራረዱት የንግድ ዕዳ፣ እነዚህን ፈልጎ ማውጣት የጠበቃ ሥራ ነው። በአማራ ክልል ገጠር የመሬት ይዞታ ደብተሩ የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምና ፎቶግራፍ መያዙ ብዙ ክርክር አስቀርቷል፤ ከተማ ውስጥ ለባንክ ሒሳብና ለንግድ ድርጅት እንዲህ ያለ መከላከያ የለም።

ጋብቻው መኖሩን ማስረዳትም ለብዙ ድሃ ቤተሰብ ራሱን የቻለ ሙግት ነው። የጋብቻ ምስክር ወረቀት የሌላቸው ሰዎች እንደ ባልና ሚስት ሲኖሩና ሲታወቁ እንደነበር በምስክር ማስረዳት አለባቸው። ያለ ጋብቻ አብረው የኖሩ ሰዎች ደግሞ ያፈሩት ንብረት የጋራ የሚሆነው ግንኙነቱ ቢያንስ ሦስት ዓመት ከቆየ ነው። «ሚስቴ ናት» እና «አብራኝ ትኖር ነበር» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት የቤት ድርሻ ሊያሳጣ ይችላል።

የጠበቃ ዋጋ በውል የሚወሰን ነው፤ ወጥ የሆነ ታሪፍ የለውም። ከፊሉ በቁርጥ ይዋዋላል፣ ከፊሉ በየፍርድ ቤቱ ደረጃ ይቀበላል፣ ከሚገኘው ድርሻ ላይ በመቶኛ የሚስማማም አለ። በመቶኛ መዋዋል እጅ ላይ ገንዘብ ለሌለው ሰው መፍትሔ ይመስላል። ነገር ግን የጋራው ንብረት አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ በሆነበት ጉዳይ ጠበቃው የሚከፈለው ቤቱ በሐራጅ ሲሸጥ ወይም አንዱ ሌላውን በገንዘብ ሲያስወጣ ነው። ልጆች ይዞ ቤቱ ውስጥ መቅረት የሚፈልግ ባለጉዳይ በዚህ ውል ሳያስበው ወደ ሽያጭ ይገፋል። የልጅ አሳዳጊነትና ቀለብ ደግሞ መቶኛ የሚወጣበት ነገር ስለሌላቸው ከነጭራሹ ከዚህ መንገድ ውጭ ናቸው።

ለድሃ የተከፈቱ በሮች

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማግኘት መብት የሰጠው ለተከሰሱ ሰዎች ነው፤ ያውም አቅም ሲያጡና ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ሲሆን። አንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው ጉዳዩን ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት እንዳለው ቢደነግግም ስለ ጠበቃ አይናገርም። ውጤቱ ለጆሮ የሚከብድ ነው፦ ሚስቱን በመደብደብ የተከሰሰ ባል መንግሥት ጠበቃ ሊያቆምለት ይችላል፤ ሚስቲቱ ያንኑ ድብደባ ሸሽታ ፍቺ ስትጠይቅ ግን ተመሳሳይ መብት የላትም። በወንጀሉ ዐቃቤ ሕግ ይቆማል፤ ቤቱንና ልጆቹን በሚመለከተው መዝገብ ግን ብቻዋን ናት።

ለፍትሐ ብሔር ጉዳይ ያሉት መንገዶች ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው። ቀደምቱ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ የሚገኘው የደሃ ደንብ ነው። አመልካቹ ያለውን ንብረት ዘርዝሮ አቅም እንደሌለው ያስረዳል፤ ፍርድ ቤቱ አጣርቶ ከዳኝነት ክፍያ ነፃ ያደርገዋል። ደንቡ ብዙ ጊዜ በስሕተት ይታወቃል፤ የሚያነሳው የዳኝነት ክፍያን እንጂ የጠበቃን ዋጋ አይደለም። ቤቱ በጋራ የተመዘገበላት ሚስትም «ንብረት አለሽ» ልትባል ትችላለች፤ የምትከሰው ግን ያንኑ ንብረት ለማግኘት ነው።

ሁለተኛው ጠበቆች ራሳቸው የተጣለባቸው ግዴታ ነው። ስለ ፌዴራል ፍርድ ቤት ጠበቆች ሥነ ምግባር በ1992 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 57 እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ያዛል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249 የጠበቆች ማኅበርን በሕግ ሲያቋቁምና የጥብቅና ድርጅት ሲፈቅድ የነፃ አገልግሎቱን ሐሳብ አልተወውም። 50 ሰዓት በወረቀት ላይ ብዙ ነው። ንብረት ያለበት የፍቺ ክርክር ከመጀመሪያ ደረጃ እስከ ይግባኝና አፈጻጸም ሲሄድ ግን ያን ሁሉ ሰዓት አንድ መዝገብ ሊበላው ይችላል፤ ስለዚህ ግዴታው በአብዛኛው ምክርና ጽሑፍ ይሆናል እንጂ እስከ መጨረሻው ችሎት መቆም አይሆንም።

ሦስተኛው የመንግሥት አካል ነው። ፍትሕ ሚኒስቴርና ለጥቂት ዓመታት የተካው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የተቋቋሙባቸው ሕጎች አቅም ለሌላቸው ሰዎች፣ በተለይም ለሴቶችና ለሕፃናት፣ በፍትሐ ብሔር ክርክር ድጋፍ የመስጠት ሥልጣን ሰጥተዋቸዋል። ሥልጣን መስጠት ግን ባለጉዳዩ ሊጠይቀው የሚችል መብት ከመስጠት የተለየ ነው፤ እምቢ ከተባለ የት ይግባኝ እንደሚል ግልጽ አይደለም።

በተግባር ብዙ ድሃ ሴት የደረሰችበት በር ግን የማኅበር በር ነው። በ1987 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ ምክርና ጥብቅና ከመስጠቱም በላይ ለ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ መሻሻል ከተሟገቱት ግንባር ቀደሙ ነበር። ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ነበር። የ2001ዱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 በመብት ጉዳይ የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ሲወስን ማኅበሩ ሥራውን ክፉኛ ለማጥበብ ተገደደ፤ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ያንን ገደብ አነሳ። በመካከሉ በነበሩት አሥር ዓመታት የተፋቱ ሴቶች ግን ሕጉ እስኪሻሻል ክርክራቸውን አላቆዩም።

የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች የከፈቷቸው የነፃ ሕግ ድጋፍ ማእከላትም ከአዲስ አበባ ውጭ ላለው ሰው ትልቅ እርዳታ ናቸው። ድክመታቸው የታወቀ ነው፦ ተማሪው ይመረቃል፣ መዝገቡ ይቀራል፤ የክረምት ዕረፍትና የፍርድ ቤት ቀጠሮም አይገጣጠሙም።

ጠበቃ ይቁም ወይስ ሥርዓቱ ይቅለል?

የዓለም አቀፉ ክርክር ዋና መስመር እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን ለድሃ ጠበቃ ካልቆመለት መብቱ ወረቀት ላይ ይቀራል ይላል። ሌላው ጠበቃ የሚያስፈልገው ሥርዓቱ ስለተወሳሰበ ነው፤ ገንዘቡ ሥርዓቱን ለማቅለል ይዋል ይላል። ሁለቱም የፍርድ ቤት ውሳኔ ይጠቅሳሉ፤ አንዳንዴ አንዱኑ ውሳኔ።

ይህም በኤሪ እና በአየርላንድ መካከል በነበረው ጉዳይ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1979 የሰጠው ፍርድ ነው። የኮርክ ከተማ ነዋሪ የነበሩት ጆሃና ኤሪ ከባላቸው በፍርድ ለመለያየት ፈልገው ጠበቃ የሚያቆሙበት ገንዘብ አጡ፤ ያኔ በአየርላንድ ፍቺ ጨርሶ አይፈቀድም ነበር፤ መለያየቱን የሚያየውም ከፍተኛው ፍርድ ቤት ብቻ ነበር። መንግሥት «ራሳቸው መቅረብ ይችሉ ነበር» ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ እንዲህ ባለ ውስብስብና ስሜት በሚፈታተን ክርክር ያለ ጠበቃ መቅረብ ውጤታማ የፍትሕ ተደራሽነት አይባልም ሲል ወሰነ። ነገር ግን መንግሥት ጠበቃ በማቆም ብቻ ሳይሆን ሥርዓቱን በማቅለልም ግዴታውን ሊወጣ እንደሚችል አከለ። ያ ዐረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ሁለቱንም ወገን እየመገበ ነው።

አሜሪካ ከዚያ ቀደም ብላ እ.ኤ.አ. በ1971 በቦዲ እና በኮኔቲከት ጉዳይ ድሃ ሰው የዳኝነት ክፍያ ስላጣ ብቻ ፍቺ ሊከለከል አይገባም ብላለች፤ ምክንያቱም ጋብቻን የሚያፈርሰው መንግሥት ብቻ ነው። ውሳኔው በይዘቱ ከኢትዮጵያው የደሃ ደንብ ጋር ይቀራረባል፦ ደጁን ይከፍታል፣ ጠበቃ ግን አይሰጥም።

ጠበቃ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል ለሚለው ጠንካራው ማስረጃ ከፊላደልፊያ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ፍቺ የሚፈልጉ ድሆችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ፤ አንዱ ክፍል ያለ ክፍያ ጠበቃ እንዲያገኝ ተደረገ፣ ሌላው ራሱን እንዲረዳ ተመከረ። ከሦስት ዓመት በኋላ ጠበቃ ከተሰጣቸው ግማሽ ያህሉ በተገቢው ፍርድ ቤት ጋብቻቸውን አፍርሰዋል፤ ካልተሰጣቸው ግን ከአሥሩ አንድ እንኳ አልሞሉም። እነዚህ ሰዎች የከረረ የንብረት ሙግት የነበራቸው አይደሉም፤ ጋብቻውን ማፍረስ ብቻ ነበር ያቃታቸው። ማቅለልን የሚደግፉት ይህንኑ ይዘው ያን ያህል ቀላል ጉዳይ ጠበቃ የሚጠይቅ ከሆነ ጥፋቱ የሥርዓቱ ነው ይላሉ፤ አነጋገራቸው ትክክል ይመስላል። ከዚህ ተነሥቶ ጠበቃ አያስፈልግም ማለት ግን ስሕተት ነው፤ ጥናቱ የለካው መፋታትን እንጂ የንብረቱን ድርሻ አይደለም።

እንግሊዝ ተቃራኒውን ሞክራለች። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣና በሚያዝያ 2013 በጸና ሕግ የቤት ውስጥ ጥቃት ማስረጃ ካልቀረበ በስተቀር ለአብዛኛው የፍቺና የልጅ ክርክር ይሰጥ የነበረውን የመንግሥት ድጋፍ አስቀረች። ያለ ጠበቃ ችሎት የሚቆመው ሰው ቁጥር በግልጽ ጨመረ። ሰዎች ወደ አስማሚ ይዞራሉ የተባለው ተስፋም አልሠራም፤ ቀድሞ ወደ አስማሚ የሚመራቸው ጠበቃው ራሱ ነበርና።

ፊላደልፊያ ላይ የታየው ነገር በኢትዮጵያ በሌላ መልክ ይገኛል። አቅም የሌላቸው ባልና ሚስት ፍርድ ቤት ሳይሄዱ ይለያያሉ፤ ሁለቱም ሌላ ኑሮ ይመሠርታሉ፤ ከዓመታት በኋላ ቤት ሲሸጥ ወይም ሰው ሲሞት ጋብቻው አልፈረሰም የሚል ክርክር ይነሣል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 20938 ለረጅም ጊዜ ተለያይተው የየራሳቸውን ኑሮ የመሠረቱ ተጋቢዎች ጋብቻ ያለ ፍቺ ውሳኔም እንደ ፈረሰ ሊቆጠር ይችላል ብሏል። የሰበር ትርጉም ከ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 454 ጀምሮ የበታች ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ ተጽዕኖው ሰፊ ነው። የተቹት የሕግ ባለሙያዎች አዋጁ ጋብቻ የሚፈርስባቸውን ምክንያቶች ቆጥሮ ማስቀመጡንና መለያየት ከእነሱ ውስጥ አለመኖሩን ያነሳሉ። ደጋፊዎቹ ሕይወት የወሰነውን ሕግ ሊክደው አይገባም ይላሉ። ተለያይታ ስትኖር ልጆችን ብቻዋን ያሳደገችና ቤቱ በባሏ ስም የቀረባት ሴት ግን በዚህ ትርጉም ልትጎዳም ልትጠቀምም ትችላለች፤ የሚወስነው ንብረቱ የተፈራበት ጊዜ ነው።

ከጋራው ሀብት ቢከፈልስ?

ውድ ቤት ውስጥ ኖራ የታክሲ ገንዘብ ለሌላት ሚስት መፍትሔው የመንግሥት በጀት አይደለም፤ የራሷ ድርሻ ነው። የኒው ዮርክ ሕግ ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ አነስተኛ ገቢ ያለው ተጋቢ የጠበቃውን ወጪ ከሌላው ወገን እንዲያገኝ መነሻ ግምት ይወስዳል፤ ካሊፎርኒያም ሆነች እንግሊዝ ክርክሩ ሳያልቅ አንዱ ለሌላው የጠበቃ ገንዘብ እንዲሰጥ ዳኛው የሚያዝበት ድንጋጌ አላቸው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ባልየው የሚከፍለው የጠበቃ ገንዘብም ከጋራው ሀብት ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ለአንዱ ወገን ብቻ መፍሰስ የለበትም።

የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ ፍቺ ሲጠየቅ ፍርድ ቤቱ ስለ ተጋቢዎች መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆች አጠባበቅና ቀለብ፣ ስለ ንብረት አስተዳደር ጊዜያዊ ትእዛዝ እንዲሰጥ ያዛል። ስለ ጠበቃ ወጪ በግልጽ የተጻፈ ነገር የለም። «መተዳደሪያ» እና «የንብረት አስተዳደር» የሚሉት ቃላት የክርክር ወጪን ይሸፍናሉ ወይ የሚለው ለትርጉም የተተወ ነው። የጋራ ቤት ኪራይ የሚሰበሰብ ከሆነ ግማሹ ለሚስቲቱ እንዲሰጥ የሚያዝ ዳኛ ሳይናገረው የጠበቃዋን ጥያቄ ፈታ ማለት ነው፤ አቤቱታው ላይ ይህን መጠየቅን የሚያውቅ ግን ብዙውን ጊዜ ጠበቃ ነው።

ሽምግልና እና አስማሚነት

በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ፍርድ ቤት መር አስማሚነትን ሕጋዊ አድርጓል። አስማሚው አይፈርድም፤ ስምምነት ሲደረስ ፍርድ ቤቱ ያጸድቀዋል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ሁለቱም ወገን ድሃ በሆነበት፣ የሚካፈሉት ንብረትም በታወቀበት ጉዳይ ከዚህ የረከሰ መንገድ የለም። ከ1952ቱ የሽማግሌ ሥርዓት የሚለየውም የመጨረሻው ቃል የዳኛው መሆኑ ነው።

ችግሩ ኃይሉ ያልተመጣጠነ ሲሆን ነው። ድብደባ በነበረበት ቤት አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጦ መደራደር የፍርሃትን ዋጋ ያስከፍላል፤ «ለልጆቻችሁ ስትሉ» የሚለው የሽማግሌ ቃልም ብዙ ጊዜ የሚጫነው በአንዱ ትከሻ ላይ ነው። ንብረቱን የሚያውቀው አንዱ ወገን ብቻ ከሆነም ስምምነቱ በጨለማ የተደረገ ነው። አስማሚነትን አጥብቀው የሚደግፉ ባለሙያዎችም ቢሆኑ ከመፈረሙ በፊት የአንድ ሰዓት የጠበቃ ምክር መኖር አለበት ይላሉ። የጠበቆች የ50 ሰዓት ግዴታ ከሁሉ የሚበጀው ለዚህ ቢውል ነው፤ አንድን መዝገብ እስከ ዳር ከመግፋት ይልቅ ሃምሳ ስምምነቶችን ከመጽደቃቸው በፊት ማንበብ ይቻላል።

ባሕር ማዶ ያሉ ባለጉዳዮች

ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች ጥያቄው እንደሚኖሩበት ሀገር ይለያያል። በእስራኤል እ.ኤ.አ. የ1972 የሕግ ድጋፍ ሕግ የቤተሰብ ክርክርን ስለሚያካትት ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው በመንግሥት የተመደበ ጠበቃ ሊያገኝ ይችላል፤ ለአይሁዶች ፍቺውን የሚወስነው የረቢዎች ፍርድ ቤት ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመው የፌዴራል የሕግ አገልግሎት ኮርፖሬሽን የሚደግፋቸው ቢሮዎች በመደበኛው መለኪያ ገቢው ከድህነት ወለል 125 በመቶ ያልበለጠን ያስተናግዳሉ፤ ሁለት ፈረቃ የሚሠራ የታክሲ ሾፌር ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ይወጣል።

በዐረብ ሀገራት የሚሠሩ የቤት ሠራተኞች ጉዳይ ከሁሉም የከፋ ነው። የላኩት ገንዘብ በኢትዮጵያ በባል ስም ቤት ሆኗል፤ ክርክሩ የሚካሄደው እነሱ በሌሉበት ነው። በኤምባሲ በኩል ውክልና ይልካሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት መክሰስ፣ መታረቅና የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ ልዩ ውክልና ይጠይቃሉ፤ ጥቅል ውክልና የተቀበለ ወንድም ወይም እኅት ችሎት ደርሶ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። በየወሩ የተላከበትን የሐዋላ ደረሰኝ የያዘች ሠራተኛ ግን ቤቱ በጋብቻ ጊዜ መሠራቱን ለማስረዳት ጠንካራ ማስረጃ አላት።

ያልተቋጩ ነጥቦች

በመሐል የቀረው ባለ ደመወዝ ሰው እስካሁን ባለቤት አላገኘም። ነፃ ድጋፉ ድሃን ያያል፤ የጋራ ሀብት ሐሳቡ ሀብት ያለውን ያያል። ለዚህ ሰው የሚቀርበው መፍትሔ ጠበቃን ለሙሉ ጉዳይ ሳይሆን ለተወሰነ ሥራ፣ ለምሳሌ አቤቱታውንና የማስረጃ ዝርዝሩን ለማዘጋጀት ብቻ መዋዋል ነው። በኢትዮጵያ ብዙ ጠበቆች በልማድ እንዲህ ይሠራሉ፤ ሥራው በከፊል ሲወሰድ ኃላፊነቱ የት እንደሚቆም ግን በግልጽ መጻፍ አለበት።

ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. ያጸደቀችው የማፑቶ ፕሮቶኮል በአንቀጽ 8 ለሴቶች የሕግ ድጋፍን ጨምሮ ውጤታማ የፍትሕ አገልግሎት እንዲቀርብ ይጠይቃል። ይህ በፍቺ ክርክር በፍርድ ቤት የሚጠየቅ መብት ይሆናል ወይስ የመንግሥት የፖሊሲ ተስፋ ሆኖ ይቀራል የሚለው አከራካሪ ነው።

ከሁሉ በቀላሉ ሊስተካከል የሚችለው የወጪ ልማድ ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 462 መሠረት ወጪን ማን እንደሚችል የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ነው። በቤተሰብ መዝገቦች መጨረሻ ላይ ግን የሚነበበው አብዛኛውን ጊዜ «ግራ ቀኙ ወጪና ኪሳራ የየራሳቸውን ይቻሉ» የሚለው ነው። ንብረት ደብቆ ክርክሩን ያስረዘመና ተደብቆባት ለዓመታት የተመላለሰች በዚህ ቃል እኩል ይሆናሉ። ይህን ለመለወጥ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ ሥልጣኑ ዳኛው እጅ ላይ ነው።